ፎቶግራፉ ሳይታመም ካርዱ ሲታመም

ከገዳም የብራና መጽሐፍ ፎቶግራፍ አንሥቶ ወደ ሪያድ የተመለሰ ሰው፣ በፎቶሾፕ ሲከፍተው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቢቀር፣ ወይም የብራናው ሐረግ በአራት ማዕዘን ተቆራርጦ ቢታየው፣ ሥዕሉ ጠፋ ብሎ ደንግጦ ፋይሉን ሊደመስሰው ይችላል። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የታመመው ሥዕሉ ሳይሆን ሥዕሉን ለዓይን የሚያቀርበው ግራፊክስ ካርድ ነውና። አስቀድሞ ፋይሉን በሌላ ኮምፒዩተር ከፍቶ ማየት ይገባል።

ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ሲ.ኤስ. 4 እትሙ ጀምሮ፣ ማጉላትንና ማዞርን የመሰለውን ሥራ ለካርዱ አካፍሏል። ሁለቱ የሚግባቡት ድራይቨር በሚባል አስተርጓሚ ነው፤ አስተርጓሚው ያረጀ ወይም የተበላሸ እንደ ሆነ ነገሩ ሁሉ ይዛባል። ስለዚህ ከፕሮግራሙ ምርጫዎች ውስጥ፣ አፈጻጸም ከሚለው ክፍል፣ የግራፊክስ ፕሮሰሰሩን ማጥፋትና ፕሮግራሙን ዘግቶ እንደገና መክፈት ነው። ሥዕሉ ከተስተካከለ ጥፋቱ ከካርዱ ወገን መሆኑ ታወቀ፤ አዲሱን ድራይቨር ከካርዱ ሠሪ ከራሱ፣ ከኤንቪዲያ፣ ከኤ.ኤም.ዲ. ወይም ከኢንቴል፣ አምጥቶ መጫን ይገባል። (አዲሱ ራሱ ችግር አምጥቶ ወደ ቀድሞው የሚመለሱበትም ጊዜ አለ።)

የሪያድ ሰው ግን ሌላም የሚመረምረው አለው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ቀትሩ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 ቀኑን ያጨለመውን የመሰለ የአቧራ ማዕበልም ይነሣባታል። አቧራ ማራገቢያውን ሲሞላው ካርዱ ይግላል፤ ሲግልም ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሲብስበትም ስክሪኑ ይጠፋል። ችግሩ ጧት ሳይኖር ከረጅም ሥራ በኋላ የሚመጣ ከሆነ፣ ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ፣ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ይዞ፣ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ነው።