የተንሸራታች ቁም ሣጥን ደህንነት

ተንሸራታች ቁም ሣጥን በሩ በማጠፊያ ወደ ውጭ በመከፈት ፈንታ በሐዲድ ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተንሸራተተ የሚከፈት የልብስ ማስቀመጫ ነው። ለበሩ መክፈቻ የሚሆን ቦታ ስለማይጠይቅ አልጋና ቁም ሣጥን ፊት ለፊት በሚቀመጡበት ጠባብ መኝታ ክፍል ይመረጣል። ትንንሽ ልጆች፣ ድመት ወይም ውሻ ባሉበት ቤት ግን የራሱ አደጋዎች አሉት። ጣት ይጨፈልቃል፣ በሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ሊወድቅ ይችላል፣ በውስጡ የተቀመጠውንም ነገር ለሕፃን እጅ በቀላሉ ይከፍታል። አደጋውን ለመቀነስ መቆለፊያ መግጠም ብቻውን አይበቃም። አስቀድሞ መርዛማ ነገሮችን ከውስጡ ማውጣት፣ ቀጥሎ ሣጥኑን ከግድግዳ ጋር ማሰር፣ ከዚያም በሩን ማስተካከል ያስፈልጋል፤ መቆለፊያ የሚመጣው በመጨረሻ ነው።

አሠራር

ተንሸራታች በር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከላይ የሚንጠለጠል ሲሆን ክብደቱን የሚሸከሙት በላይኛው ሐዲድ ውስጥ የሚሽከረከሩ ትንንሽ ጎማዎች ናቸው። ከታች ያለው መያዣ በሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይወዛወዝ ብቻ ይጠብቀዋል። ሁለተኛው ከታች የሚሽከረከር ነው። የዚህኛው ክብደት በታችኛው ሐዲድ ላይ ያርፋል፤ የላይኛው ሐዲድ በሩን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። በሁለቱም ዓይነት ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት በሮች በየራሳቸው ሐዲድ ስለሚሄዱ አንዱ በሌላው ፊት ያልፋል።

የበሩ ክብደት ከሚገመተው በላይ ነው። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ በር ከ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ቢሠራ 23 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ሙሉ ገጹን የሚሸፍን የ4 ሚሊ ሜትር መስተዋት ቢለጠፍበት መስተዋቱ ብቻውን 18 ኪሎ ግራም ይጨምራል። የሁለት ዓመት ሕፃን ክብደት ግን በአማካይ 12 ኪሎ ግራም ገደማ ነው።

የባሌ ደጋ ቤቶች ሁኔታ

ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ የቀድሞዋ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ጎባ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በእንዲህ ያለ ደጋ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ጋቢና ብርድ ልብስ በብዛት ያስፈልጋል። እነዚህ ከባድ ነገሮች በላይኛው መደርደሪያ ወይም በሣጥኑ ጣሪያ ላይ ሲከመሩ ክብደቱ ወደ ላይ ያደላና ሣጥኑ በቀላሉ የሚገለበጥ ይሆናል።

የአየር ጠባዩ በሩንም ይነካል። በባሌ ደጋ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚዘንብ ገበሬው በገና እና በቦና ወቅቶች ሁለት ጊዜ ያመርታል። እንጨት፣ ቺፕውድና ኤምዲኤፍ በእርጥብ ወቅት ውኃ ስበው ያብጣሉ፤ በደረቅ ወቅት ደግሞ ይሸሻሉ። በበጋ በልኩ የተገጠመ በር በክረምት ሊጣበቅ ይችላል። የተጣበቀን በር በኃይል መግፋት ጎማውን ከሐዲዱ ያስወጣል።

ሦስተኛው ጉዳይ የእርሻ መድኃኒት ነው። የባሌ ደጋ በስንዴና በገብስ ምርቱ የታወቀ ነው። ፀረ አረም፣ ፀረ ተባይ፣ የአይጥ መርዝና እህልን ከነቀዝ የሚጠብቁ ኪኒኖች እህል ከሚመረትበትና ከሚከማችበት ቤት ሩቅ አይሆኑም። የተለየ መጋዘን በሌለበት ቤት ደግሞ «ልጅ እንዳይደርስበት» ተብሎ የሚመረጠው ቦታ አንዳንድ ጊዜ ቁም ሣጥኑ ይሆናል።

ዋና ዋና አደጋዎች

የጣት መጨፍለቅ፦ ጣት የሚያዘው በሩና የሣጥኑ ጠርዝ በሚገናኙበት ቦታ ወይም አንዱ በር በሌላው ፊት ሲያልፍ በሁለቱ መካከል ነው። የሚገፋው አንድ ልጅ፣ የሚጎዳው ሌላ ልጅ ሊሆን ይችላል።

የበር መውደቅ፦ ከላይ የሚንጠለጠል በር ታችኛው መያዣ ከጠፋ ሕፃን ሲደገፈው ወደ ውስጥ ይወዛወዛል፤ ጎማውም ሊወጣ ይችላል። ከታች የሚሽከረከር በር ደግሞ በሐዲዱ ውስጥ ጠጠር ወይም መጫወቻ ሲገባበት ዘሎ ይወጣል።

የሣጥን መገልበጥ፦ መራመድ የጀመረ ሕፃን መደርደሪያንና መሳቢያን እንደ ደረጃ ይጠቀማል። ከግድግዳ ጋር ያልታሰረ ሣጥን በልጁ ክብደት ወደ ፊት ሊያዘነብል ይችላል።

ውስጥ መዘጋት፦ ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ይደበቃሉ። ተንሸራታች በር አብዛኛውን ጊዜ አየር ስለሚያስገባ ልጁ ወዲያው አይታፈንም። ሆኖም በሩ ከውጭ ከተቆለፈ ወይም ከሐዲዱ ወጥቶ ከተቀረቀረ መውጣት አይችልም። ክዳኑ ሲወርድ በራሱ የሚቆለፍ የቆርቆሮ ወይም የእንጨት ሣጥን ግን አየር ሊያሳጣ ስለሚችል እጅግ የከፋ ነው።

መመረዝና መታነቅ፦ ለብል መከላከያ በልብስ መካከል የሚቀመጠው ናፍታሊን ነጭ እንክብል ስለሆነ ልጅ ከረሜላ ሊመስለው ይችላል። ሲዋጥ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል፤ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም እጥረት ባለባቸው ልጆች ላይ ጉዳቱ ይበረታል። ከናፍታሊን ጋር የቆየ ብርድ ልብስ ሳይታጠብና በፀሐይ ሳይናፈስ ለአራስ ሕፃን መልበስ የለበትም። የልብስ ላስቲክ ከረጢት ፊት ላይ ተጣብቆ ያፍናል። ቁልፍ፣ መርፌና ትንሽ ክብ ባትሪም በሕፃን ጉሮሮ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ባትሪው በሁለት ሰዓት ውስጥ የጉሮሮን ሥጋ ሊያቃጥል ስለሚችል ልጁን ወዲያው ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል።

የእህል ኪኒን ለብቻው ሊታይ ይገባል። አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለው የነቀዝ ኪኒን ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ በበሩ ክፍተት ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ ለተኙ ሁሉ ይደርሳል፤ ማርከሻም የለውም። መቆለፊያ ልጅን ያቆማል እንጂ ጋዝን አያቆምም። ስለዚህ ይህ ኪኒንም ሆነ ኪኒኑ የተደረገበት እህል ሰው በሚተኛበት ክፍል መቀመጥ የለበትም።

የመከላከያ ቅደም ተከተል

1. ማውጣት። የእርሻ መድኃኒት፣ የአይጥ መርዝና ላምባ ከመኖሪያ ክፍሎች ውጭ፣ በሚቆለፍ ቦታና በመጀመሪያ ዕቃቸው ይቀመጣሉ። በረኪናና የሰው መድኃኒትም ከልጅ እይታና እጅ በራቀ የሚቆለፍ ቦታ ይሁኑ። አንዳቸውም ወደ ለስላሳ መጠጥ ወይም ወደ ውኃ ጠርሙስ አይገለበጡም። በናፍታሊን ፈንታ ልብስን አጥቦ በፀሐይ በደንብ አድርቆ ማስቀመጥ ይቻላል።

2. ማሰር። ሣጥኑ ከላይ በኩል ቢያንስ በሁለት ቦታ በኤል ቅርጽ ብረት ከግድግዳ ጋር ይታሰራል። ብረቱ የሚያዘው በሣጥኑ ወፍራም አካል ላይ እንጂ ጀርባውን በሸፈነው ስስ ኮምፔንሳቶ ላይ አይደለም። በጭቃ ቤት ብሎኑ ልስኑን አልፎ የግድግዳውን ቋሚ እንጨት መያዝ አለበት። በብሎኬት ቤት ተራ ሚስማር ስለሚላቀቅ ፊሸርና ብሎን ያስፈልጋል። ከባድ ዕቃ ወደ ታችኛው መደርደሪያ ይወርዳል።

3. ማስተካከል። ሐዲዱ በየጊዜው ይጠረጋል። የላላ ጎማና የጠፋ መያዣ ይተካል። በሩ ሳይገፋ በራሱ የሚሄድ ከሆነ ሣጥኑ ያዘነበለ ስለሆነ ከሥሩ ተስተካክሎ ይደላደላል። አዲስ በር የሚያሠራ ሰው አናጺውን ለክረምት እብጠት የሚሆን ክፍተት እንዲተውና በሩ ከሐዲዱ ዘሎ እንዳይወጣ የሚያግድ መያዣ እንዲገጥም መጠየቅ ይችላል። በመስተዋቱ ጀርባ የሚለጠፍ መከላከያ ፕላስቲክ መስተዋቱ ቢሰበር ስብርባሪው እንዳይበተን ይረዳል።

4. ጣትን መጠበቅ። በሩ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ክፍተት የሚተው ወፍራም ላስቲክ በጠርዙ ላይ ይለጠፋል። ሣጥኑ ልብስ ብቻ የያዘ ከሆነ ልጆቹ እስኪያድጉ ድረስ በሩን ነቅሎ መጋረጃ መስቀል ከሁሉም ርካሹ መፍትሔ ነው።

5. መቆለፍ። ቀላሉ ዘዴ በታችኛው ሐዲድ ባዶ ቦታ በልኩ የተቆረጠ እንጨት ማጋደም ነው። ጉዳቱ ትልቅ ልጅ ሊያነሣው መቻሉ ነው። በበሩ ጠርዝ ላይ የሚጠብቅ መያዣ ከወለሉ 150 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ሲገጠም የተሻለ ነው። በማጣበቂያ የሚለጠፍ መቆለፊያ ቢላቀቅ ራሱ በሕፃን አፍ ሊገባ ስለሚችል አያያዙ በየጊዜው ይታያል። ሰው ገብቶ ሊቆም በሚችልበት ሰፊ ቁም ሣጥን ላይ ከውስጥ የማይከፈት መቆለፊያ አይገጠምም። ከመቆለፍ በፊትም ውስጡን ማየት ልማድ ሊሆን ይገባል።

የቤት እንስሳት

በባሌ ደጋ ውሻ በአመዛኙ ከብትና ግቢ ጠባቂ ስለሆነ ውሎውም አዳሩም ውጭ ነው። በቤት ውስጥ የሚኖረው አይጥ የሚይዘው ድመት ነው። ድመት ሙቅና ጨለማ ቦታ ስለምትወድ ክፍት ባገኘችው ቁም ሣጥን ገብታ ጋቢ ላይ ትተኛለች፤ የምትወልድበትም ጊዜ አለ። ሳትታይ ከተዘጋባት ውኃና ምግብ ታጣለች። በሩን ከመዝጋት በፊት ላይኛውንና ታችኛውን መደርደሪያ ማየት ይህን ይከላከላል። ክርና ጥብጣብ በሚዘጋ ዕቃ ይቀመጥ፤ ድመት የዋጠችው ክር አንጀቷን ሊቋጥር ይችላል። ናፍታሊን ለድመትም ለውሻም መርዝ ነው።

የአይጥ መርዝ ከቁም ሣጥን ሥር ሲደረግ ጉዳቱ ከአይጧ አልፎ ይሄዳል። የተመረዘች አይጥ የበላች ድመት ልትሞት ትችላለች። የሞተች አይጥ ሜዳ ላይ ስትጣል ደግሞ ውሻ፣ ጅብና ጥንብ አንሣ ይበሏታል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በአካባቢው ስለሚገኝና በዚያ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ የሚመገበው በዋናነት አይጥና ፍልፈልን ስለሆነ የሞተን አይጥ ቆፍሮ መቅበር ተገቢ ነው።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

በአሜሪካ ልጆች በተጣሉ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ተዘግተው በመሞታቸው እ.ኤ.አ. በ1956 ማቀዝቀዣ ሁሉ ከውስጥ እንዲከፈት የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሌን የተባለው አምራች ክዳናቸው ሲወርድ በራሳቸው የሚቆለፉ 12 ሚሊዮን የእንጨት ሣጥኖች መቆለፊያ እንዲቀየር ጥሪ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ኢኬያ በሕፃናት ላይ ሊገለበጡ የሚችሉ 29 ሚሊዮን ባለ መሳቢያ ሣጥኖችን በአሜሪካ ገበያ ሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የወጣው ሕግ በ2023 ሥራ ላይ ሲውል የልብስ ሣጥኖች እስከ 27 ኪሎ ግራም የሚመዝን ልጅ ቢንጠላጠልባቸውም እንዳይገለበጡ መፈተንን ግዴታ አደረገ። አናጺ ቤት በትእዛዝ ለሚሠራ ቁም ሣጥን ይህን ፈተና የሚተካው ከግድግዳ ጋር ማሰር ነው።

አደጋ ሲደርስ

የተጨፈለቀ ጣት በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ይያዛል። ቅርጹ ከተለወጠ፣ ጥፍሩ ከተነቀለ ወይም ልጁ ማንቀሳቀስ ካቃተው ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

መርዝ ለዋጠ ልጅ ጣት አስገብቶ ማስመለስ አይገባም። በተለይ ላምባና በረኪና ሲመለሱ ሳንባንና ጉሮሮን ዳግም ይጎዳሉ። የጤና ባለሙያ ሳያዝ ወተትም ሆነ ሌላ መጠጥ አይሰጥም። መርዙ የነበረበት ዕቃ ከልጁ ጋር መወሰድ አለበት፤ ሐኪሙ ምን እንደተዋጠ በፍጥነት የሚያውቀው በዚህ ነው። የእህል ኪኒን ጋዝ ከተጠረጠረ ሁሉም ሰው ወዲያው ከቤቱ ወጥቶ በርና መስኮት ይከፈታል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ጥሪ ቁጥር 907 ነው። በአካባቢው ትልቁን ሕክምና ከሚሰጡት መካከል የጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ይገኝበታል።