አበሉ የሚታጣው የት ላይ ነው?

በሥራ ላይ እጁ የተቆረጠ፣ ዓይኑ የጠፋ ወይም በሕመም ምክንያት መሥራት ያቃተው ሰው አበል እንደሚገባው የኢትዮጵያ ሕግ ከተቀበለ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። አዋጅ ቁጥር 209/1955 የመንግሥት ሠራተኛውን በጡረታ አቀፈ፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ደግሞ የግል ድርጅት ሠራተኛውን ጨመረ። አንድ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ እልባት አላገኘም፦ ጉዳት የደረሰበት ሰው ይህን መብት ሲጠይቅ ከጎኑ የሚቆም የሕግ ሰው ከየት ያገኛል? ጥያቄው ለአዲስ አበባ ነዋሪም ከባድ ነው። በጋሞ ከምዕራብ አባያ የሙዝ ማሳ ወይም ከጨንቻ ደጋ ለሚነሳ ሰው ደግሞ እጥፍ ይከብዳል።

ማን ምን ይገባዋል?

የ2003ቱ የጡረታ አዋጆች በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ተተክተዋል። መሠረታዊው ክፍፍል ግን ያው ነው። ከሥራው ጋር ባልተያያዘ ሕመም ወይም አደጋ መሥራት ያቃተው የጤና ጉድለት አበል ይጠይቃል፤ ለዚህም የአገልግሎት ዘመኑ ይታያል። ጉዳቱ ከሥራው የመጣበት ደግሞ የጉዳት ጡረታ አበል ወይም በአንድ ጊዜ የሚከፈል የጉዳት ዳረጎት ይጠይቃል።

ልዩነቱ በገንዘብ ሲታይ ይበልጥ ይገባል። በ2003ቱ ስሌት፣ በሥራ ምክንያት የመሥራት ችሎታውን ለዘለቄታው ያጣ ሠራተኛ የወር ደመወዙን 47 በመቶ ዕድሜ ልኩን ያገኛል። ጉዳቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ መሥራት የሚችል ከሆነ፣ ያው 47 በመቶ በ60 ይባዛና በጉዳቱ መጠን ይሰላል። ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሰው ጉዳቱ 30 በመቶ ከተባለ 50,760 ብር ይደርሰዋል፤ 20 በመቶ ከተባለ 33,840 ብር ብቻ። የሐኪሞች ቦርድ የሚጽፋት አንዲት ቁጥር የአንድን ቤተሰብ ኑሮ ትወስናለች።

የጡረታ ሽፋን የሌለው ተቀጣሪ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይዳኛል። ጉዳቱ ዘላቂና ሙሉ ከሆነ የዓመት ደመወዙ በአምስት ተባዝቶ ካሣ ይከፈለዋል። በሕክምና ላይ ሳለም ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንሰውን፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንሰውን የማግኘት መብት አለው።

ከነዚህ ሁሉ ውጭ የቀረው ብዙኃኑ ነው። የደጋው ገበሬ፣ የዶርዜው ሸማኔ፣ በአርባ ምንጭ ሲቀላ ገበያ ዕቃ የሚሸከመው ወጣት የደመወዝ መዝገብ የላቸውም፤ መዋጮም የሚከፍልላቸው የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። በገጠር ይህ ድጋፍ በዋናነት የሚታየው በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው፣ ሴፍቲኔት በተባለው የድጋፍ ፕሮግራም ነው። በታቀፉት ወረዳዎች ሠርቶ መብላት የማይችለው ሰው በቀጥታ ድጋፍ ይያዛል። ይህ ግን በኮሚቴ ምርጫና በኮታ የሚሰጥ እንጂ አንድ ሰው «ይገባኛል» ብሎ ፍርድ ቤት የሚሟገትበት አበል አይደለም። በአንጻሩ ደቡብ አፍሪካ መዋጮ ላልከፈለውም አካል ጉዳተኛ፣ ገቢውን መዝና፣ በሕግ የታወቀ ወርሃዊ ክፍያ ትሰጣለች።

ጉዳዩ የሚበላሽበት ቦታ

በጋሞ የሸንጎ አደባባይ፣ በዱቡሻ ላይ፣ ባለጉዳይ ቆሞ ይናገራል፣ ሽማግሌዎች ይሰማሉ፣ ያየ ይመሰክራል። የአበል ጥያቄ ግን የሚሰማው በወረቀት ነው፤ ወረቀቱም የሚጻፈው ሰውየው ገና በሕመም ላይ ሳለ ነው። በመጀመሪያው ቀን የሆስፒታሉ ካርድ ላይ «ወድቆ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ አደጋው በሥራ ላይ ስለመድረሱ ከዓመት በኋላ ማስረዳት ዳገት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በድርጅቱ ሰርቪስ ወደ ሥራ ሲሄድ የተጎዳ ሠራተኛ በሥራ ላይ እንደተጎዳ ይቆጠራል፤ በሰው ሞተር ሳይክል የሄደ ግን በዚህ ድንጋጌ አይሸፈንም። ስለዚህ ሠራተኛው በምን ሲጓዝ እንደተጎዳ አለመጻፉ ብቻውን ብዙ ያስከፍላል።

ቀጥሎ ጊዜው አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የተለየ የጊዜ ገደብ ላላስቀመጠለት የሥራ ክርክር የአንድ ዓመት ይርጋ አለው። ቁስሌ ይሻር፣ ከዚያ እጠይቃለሁ የሚል ሰው ዓመቱ ሲያልፍበት አይታወቀውም። በመጨረሻም ይግባኙ አለ። በጡረታ ጉዳይ ቅር የተሰኘ ሰው አቤቱታውን ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ያቀርባል። ጉባኤው በፍሬ ነገር ላይ የሚሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚኬደው የሕግ ስህተት ሲኖር ብቻ ነው። በጉባኤው ፊት ያልቀረበ የሐኪም ማስረጃ በኋላ የትም ቦታ አያገኝም ማለት ይቻላል።

የሕግ እርዳታው የት አለ?

ሕገ መንግሥቱ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት የሚፈቅደው በወንጀል ለተከሰሰ ሰው ነው፤ አበል ለሚጠይቅ ሰው እንዲህ ያለ ዋስትና የለም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 13 ፍትሕ የማግኘትን መብት፣ በአንቀጽ 28 ደግሞ ማኅበራዊ ጥበቃን ይደነግጋል። ይሁንና በተግባር ያለው እርዳታ ከተለያየ ቦታ የሚሰባሰብ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዝዞ ነበር። በመብት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ግን በ2001 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ክፉኛ ተዳክመዋል። በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ መሥራት ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ለማያገኙ አገር በቀል ድርጅቶች ብቻ ተፈቀደ። እገዳው የተነሣው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። በዚያ መሃል ብዙውን ሸክም የተሸከሙት የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ናቸው። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ሌሎች በሮችም አሉ። ዳኝነት ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት በደሃ ደንብ ክስ መመሥረት ይችላል፤ ሠራተኛ የሚያቀርበው የሥራ ክርክር ደግሞ ከዳኝነት ክፍያ ነፃ ነው። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በአስተዳደር በደል ላይ የሚቀርብለትን አቤቱታ ያለ ክፍያ ይመረምራል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል መሥሪያ ቤት ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያስገድዳል። «አይገባህም» ተብሎ በቃል የተመለሰ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ይህንን ነው።

እርዳታው ወደ መጀመሪያው ይምጣ

እነዚህን በሮች አንድ የሚያደርጋቸው ጉድለት አለ፤ ሁሉም የሚከፈቱት ከውሳኔው በኋላ ነው። ጠበቃ የሚፈለገው ክስ ሲታሰብ ነው፤ የአበል ጉዳይ ግን ያኔ አብዛኛው ነገሩ አልቋል። በብሪታንያ ከ1939 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠሩት የዜጎች ምክር ቢሮዎች አንዱ ሥራቸው ማመልከቻ ገና ሳይገባ ቅጽ ማስሞላትና ማስረጃ ማሰባሰብ ነው፤ አማካሪዎቻቸውም በብዛት የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ይህ በአርባ ምንጭም ይቻላል። የሕግ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች በመምህራን ክትትል በሳምንት የተወሰነ ቀን ሆስፒታል ውስጥ ቢቀመጡ፣ አደጋው የት፣ መቼ፣ ማን እያየ እንደደረሰ በካርዱ ላይ እንዲሰፍር ያግዛሉ። ጋሞኛ የሚናገር ተማሪ በአማርኛ የተጻፈውን ቅጽ ለእናት አባቱ አገር ሰው ያስረዳል፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሲታከልበት መስማት የተሳነውም ይካተታል። የሠራተኛ ማኅበራትና የአካል ጉዳተኛ ማኅበራት አባሎቻቸውን በመጀመሪያው ሳምንት ወደዚያ መላክ ይችላሉ። የሴፍቲኔት ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴዎችም ከዝርዝር ለወጣ ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ቢሰጡ፣ ደመወዝ የሌለው ገበሬም ቢያንስ የሚከራከርበት ወረቀት ይኖረዋል።

የተጎዳው ሰውና ቤተሰቡም ከመጀመሪያው ቀን አራት ነገር ይያዙ፦ የሆስፒታል ካርዱን ቅጂ፣ አደጋው ለአሠሪው በጽሑፍ የተነገረበትን ማስረጃ፣ ያዩ ሰዎችን ስም፣ የደመወዝና የመዋጮ ማረጋገጫ። ገበሬውንና ሸማኔውን በአበል ለማቀፍ አዲስ ሕግና በጀት ያስፈልጋል፤ ለዚያ መታገል ይገባል። በሕግ የተጻፈለትን አበል በአንዲት ጎዶሎ ካርድ ምክንያት የሚያጣውን ሰው ለማዳን ግን ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲውና የማኅበራዊ ዋስትና ቅርንጫፎች ለመነጋገር ከወሰኑ ይበቃል። ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅ መጠበቅ የለባቸውም።