ካፌ ሬሰር በቡርጅ ሐሙድ፦ አሮጌ ሞተር ሳይክልን በቤተሰብ ስለ መሥራት

በውጭ አገር ስንኖር ትምህርት ሲባል መጽሐፍና ፈተና ብቻ ይታሰበናል። በዚህ ጽሑፍ ግን በእጅ ስለሚሠራ ነገር፣ ይኸውም አሮጌ ሞተር ሳይክልን ፈታትቶ «ካፌ ሬሰር» አድርጎ ስለ መሥራት፣ ቤይሩት ውስጥ ካየነውና ከሠራነው በመነሳት ጥቂት ማብራሪያ እንሰጣለን። ሠራተኞቹ እኛ ሁለት ተማሪዎች፣ አክስታችን፣ ባለቤታቸውና የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው ነን።

ስሙ የመጣው ከእንግሊዝ አገር ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የእሽቅድምድም ሞተር ሳይክል ለመግዛት አቅም ያልነበራቸው ወጣት ሠራተኞች የየዕለት መጓጓዣቸውን እየፈቱ፣ ክብደቱን እየቀነሱ፣ መሪውን ዝቅ፣ የእግር መርገጫውን ወደ ኋላ እያደረጉ ከአንዱ ቡና ቤት ወደ ሌላው ይሽቀዳደሙ ነበር። ከመሰብሰቢያዎቻቸው ዝነኛው ለንደን የሚገኘው ኤስ ካፌ ነው፤ በ1969 ተዘግቶ በ2001 እንደገና ተከፍቷል። የትራያምፍን ሞተር በኖርተን ሻንሲ ላይ ጭነው «ትራይተን» ያሉትም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። እንግዲህ መነሻው የሀብታም ጌጥ አልነበረም። ዛሬ በየመጽሔቱ የሚታየው አብረቅራቂ ነገር ይህን ያስረሳል።

ሊባኖስ ውስጥም ብዙ ሰው ወደ ሞተር ሳይክል የዞረው በችግር ነው። ለዓመታት በ1,507 ሊራ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር፣ ከ2019 ቀውስ በኋላ ሊራው ወድቆ 89,500 ደርሷል። በ2021 በጋ ደግሞ ቤንዚን ለመቅዳት ሰዓታት መሰለፍ ግድ ነበር። ለሥራው የምትመቸው ቡርጅ ሐሙድ ናት፤ ከቤይሩት ወንዝ ማዶ፣ ከ1915ቱ እልቂት የተረፉ አርመኖች የሰፈሩባት ከተማ ስትሆን ቶርኖ ቤቱ፣ በያጁና ቆዳ ሰፊው ተቀራርበው ይገኛሉ። ለእኛም ባዕድ አይደለችም፤ ከዶራ አደባባይ ወዲህ የእንጀራና የበርበሬ ሱቅ አይጠፋም። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉትን፣ ስናነሳላቸው አንዳንዱ ባለሙያ ዋጋ ይቀንስልናል። ሁልጊዜ ግን አይደለም።

የመረጥነው ሆንዳ ሲጂ 125 ነው። ከ1976 ጀምሮ የወጣ፣ ጥገና በማይበዛበት አገር እንዲሠራ ታስቦ የተነደፈ ነው፤ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ካቴና ሳይሆን ዘንግ በመሆኑ ቸልተኛ ባለቤትንም ይታገሣል። የቻይና ፋብሪካዎች ስለ ገለበጡት መለዋወጫው ርካሽ ነው። ሲገዛ ግን ከሞተሩ በፊት ሊብሬው ይታይ! በሻንሲው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ካልተስማማ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ መተው ነው። በፍተሻ ጊዜ ሞተር ሳይክሉ ይወረሳል፤ የመኖሪያ ፈቃዱ በአሠሪው እጅ ላለ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ጣጣው ከሞተር ሳይክሉ አልፎ ይሄዳል።

ብዙ ወጣቶች የአየር ማጣሪያውን ሳጥን አውጥተው ትንንሽ ክፍት ማጣሪያ ይገጥማሉ። መልኩ ያምራል፤ ነገር ግን አየር በዝቶ ቤንዚን ስለሚያንስ ሞተሩ ይግላል፤ ከባሕሩ ዳር ተነስቶ ወደ ዓሌይ ዳገት ሲወጣ ፒስተኑን እስከ ማቃጠል ይደርሳል። በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈዋ ቀዳዳ ያላት የነሐስ ብሎን በሰፋች መለወጥ አለባት። (አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ እዚያ በጠበበች መተካት ያስፈልጋል።) እኛ ሳጥኑን አልነካንም። መሪውን ዝቅ ስናደርግ ግን ልጁ ወዲያና ወዲህ እስከ መጨረሻው እያዞረ እጅ ከሰርባቶዮው ጋር እንዳይጋጭ፣ የነዳጅ ገመዱም ተወጥሮ ሞተሩን በራሱ እንዳያስጮኽ ፈትሿል። የፍሬን ሸራዎቹን ከቀለሙ በፊት ቀየርን።

ዋናው ቅራኔ የተነሳው በመቀመጫው ላይ ነው። ካፌ ሬሰር በባሕርዩ የአንድ ሰው ነው፤ የሻንሲው ጭራ ይቆረጥና ጉብታ ያለው አጭር መቀመጫ ይገጠማል፤ የነጂው መርገጫም ወደ ኋላ ተስቦ ብዙ ጊዜ የተፈናጣጩን ቦታ ይወስዳል። መጋዙ ተዘጋጅቶ ሳለ አክስታችን ሥዕሉን አዩና፣ «ልጆቼ፣ ይቺ ሞተር እኔን የት ልታስቀምጠኝ ነው?» አሉ። ባለቤታቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። አክስታችን በሳምንት ስድስት ቀን ሰው ቤት ይሠራሉ፤ ማታ የታክሲው ሒሳብ ከደመወዛቸው ብዙ ይበላል። ለሞተር ሳይክሉ መግዣ ካዋጣነው ገንዘብም ትልቁ ድርሻ የእሳቸው ነው። ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ነገር ለመሥራት አምስት ሰው የሚደክምበት ምክንያት አልታየንም።

በመሆኑም ሻንሲውን አልቆረጥንም። አሞርዛተሩ የሚታሰርበት አካባቢ በማይታወቅ ብየዳ ቢደፈር ተፈናጣጭ ተጭኖ ሊሰበር ይችላል። ጉብታውን ከላሜራ አበጀን፤ አክስታችን ቆዳውን ገዝተው በእጃቸው ሰፉት፤ በአራት ብሎን ብቻ እንዲታሰርም አደረግን። የነጂውም የተፈናጣጩም መርገጫ በቦታው ቀረ። የለንደኖቹ ቢያዩን ይስቁብን ይሆናል፤ ይሳቁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የፋብሪካው ረጅም መቀመጫ ይገጠማል፤ እሁድ ጠዋት በ12 ቁጥር ቁልፍ ተፈትቶ አጭሩ ይተካል፤ ማታ ደግሞ ይመለሳል። ሰርባቶዮው ገና ቀለም አልተቀባም፤ ልጁ ጥቁር ይላል፣ አክስታችን አረንጓዴ ይላሉ።