ለ6 የተለካ ቦታ፣ 10 የሚሻ ፊደል

በኮልፌ ቀራኒዮ የገበያ ስፍራዎች አማርኛና የጉራጌ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ይሰማሉ። የሚጻፉባቸው ፊደላት ግን በኮምፒውተር ውስጥ ሁሉም በአንድ ሰፈር አይገኙም። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ሥርዓቱ የገባው «ሀ» ቁጥሩ 4,608 ነው። ለጉራጌ ቋንቋዎች አጻጻፍ እ.ኤ.አ. በ2021 የተጨመሩት 28 ፊደላት ግን ከ124,896 ይጀምራሉ። የቁጥሩ መተለቅ ምን ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል በአንድ የታወቀ ስሕተት እንመልከት።

ፓይተን በተባለው ቋንቋ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የኮምፒውተሩን ማኅደረ ትውስታ ራሱ አይሸነሽንም። ይህን የሚያደርግለት ትእዛዛቱን እያነበበ የሚፈጽመው አስተርጓሚ ነው። በስፋት የሚሠራበት የፓይተን አስተርጓሚ ደግሞ የተጻፈው ሲ በተባለው ቋንቋ ነው። ሲ ቦታ ይሰጣል እንጂ ድንበር አይጠብቅም፤ ልኩን በትክክል ማስላት የጸሐፊው ኃላፊነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው ስሕተት የተፈጠረው በዚሁ ስሌት ላይ ነው። አስተርጓሚው ፊደላትን በቁጥራቸው ጽፎ ሲያሳይ ለእያንዳንዱ ፊደል 6 ባይት ያዘጋጅ ነበር። ለ«ሀ» ይህ ይበቃል። አስተርጓሚው ሰፊ ቁጥሮችን በአንድነት እንዲይዝ ሆኖ ሲዘጋጅ ግን ቁጥሩ ከ65,535 የሚበልጥ ፊደል 10 ባይት ይፈልጋል። እንዲህ ያሉ 100 ፊደላት ቢቀርቡለት 600 ባይት ገደማ በተዘጋጀበት ቦታ 1,000 ባይት ይጽፋል። ትርፉ፣ ድንበር ገፍቶ የጎረቤቱን መሬት እንደሚያርስ ገበሬ፣ የሌላ መረጃ ቦታ ላይ ያርፋል። ጉዳቱ ሲቀል ፕሮግራሙ ይቆማል፤ ሲከፋ ግን ተንኮለኛ ሰው አስልቶ ያቀረበው ጽሑፍ እንደ ትእዛዝ ሊፈጸም ይችላል።

መፍትሔው አጭር ነበር፤ ለሰፊዎቹ ቁጥሮች 6 በ10 ተተካ። በዚያው ዓመት የወጣው ፓይተን 2.4.4 እርማቱን ይዟል። ስሕተቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ፓይተን 2.3 ውስጥም ይገኝ ነበር። ለዓመታት ተሰውሮ የቆየው በተለመዱት ፊደላት ሲሞከር ደኅና ስለሚመስል ነው።

አዲሶቹ የጉራጌ ፊደላት በዚያን ጊዜ ገና አልተመዘገቡም ነበር፤ ዛሬ ግን የሚገኙት በዚያው ከ65,535 በላይ ባለው ክልል ነው። ስለዚህ ተማሪዎቻችን በፊዚክስ ትምህርት ቁጥርን ያለ አሃዱ እንዳይጽፉ እንደምናሳስባቸው ሁሉ፣ ፕሮግራም ሲጽፉም የፊደል ብዛትንና የባይት ብዛትን እንዲለዩ እንመክራለን። ሥራቸውንም በላቲን ፊደል ብቻ ሳይወሰኑ በ«ሀ»ና በአዲሶቹ ፊደላት ይፈትኑት። እኛ ካልፈተንናቸው፣ በእነዚህ ፊደላት ላይ የሚደርሰውን ጉድለት ቀድሞ የሚያገኘው ተንኮለኛው ሊሆን ይችላል።