የክንፉ ጫፍ የት ነው?

አውሮፕላኑ ሲነሳ ያማተበ፣ ሲያርፍ ያጨበጨበ መንገደኛ ጎማው መሬት ነክቶ ፍጥነቱ ከበረደ በኋላ የበረራው ነገር ያለቀ ይመስለዋል። ቀበቶ መፍታት፣ ስልክ መክፈት፣ ከላይ ያለውን ሻንጣ መጎተት፣ «ደርሻለሁ፣ ወጥታችሁ ጠብቁኝ» ማለት ይጀመራል። ቦሌ ላይ ይህን ያላየ የለም። ኮክፒት ውስጥ ላሉት ሰዎች ግን ሥራው ገና ነው። 200 ቶን የሚጠጋ ነገር ይዘው በሕንፃና በመብራት ምሰሶ፣ በሻንጣ መኪናና በቆመ አውሮፕላን መካከል ሊያልፉ ነው።

ይህን የመሬት ላይ ጉዞ የሙያው ሰዎች «ታክሲ ማድረግ» ይሉታል። አውሮፕላኑ በራሱ ሞተር ይሄዳል፤ ፓይለቱ የፊት ጎማውን ከጎኑ ባለች ትንሽ መሪ ያዞራል፤ በየት በኩል እንደሚያልፍ ተቆጣጣሪዎቹ በሬዲዮ ይነግሩታል። ይኸው ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ብዙ አገር የዞሩ ወዳጆቼን ሳይቀር «ክንፉ ከግድግዳ ጋር እንዳይጋጭ ማን ይጠብቀዋል?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ፓይለቱ ነዋ! እያየ አይደል እንዴ የሚነዳው?» ይሉኛል።

አያይም። ቦሌ ላይ በየቀኑ የምናየውን ቦይንግ 777-300ኢአርን ውሰዱ። ከአፍንጫ እስከ ጭራ 74 ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ደግሞ 64.8 ሜትር ነው። ካፒቴኑ የተቀመጠው አፍንጫው ላይ ነው። የክንፉ ጫፍ ከጀርባው ከ30 ሜትር በላይ ርቆ፣ ወደ ጎንም ሌላ 32 ሜትር ወጥቶ ይገኛል። የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2012 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በግልጽ ጽፎታል፤ በ747፣ በ757፣ በ767፣ በ777 እና በኤርባስ ኤ380 ላይ ፓይለቱ መስኮት ከፍቶ ጭንቅላቱን ወደ ውጭ ካላወጣ በቀር የክንፉን ጫፍ ማየት አይችልም። ቦርዱ ካሜራ ወይም ሌላ መሣሪያ ይገጠም ብሎ ሐሳብ ያቀረበውም ለዚህ ነው። ኤ350 ጭራው ላይና ሆዱ ሥር ካሜራ አለው፤ ዋና ጥቅሙ ግን ጎማዎቹ አስፋልቱ ላይ መሆናቸውን ማሳየት ነው።

ድሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። አየር መንገዳችን ኤፕሪል 8 ቀን 1946 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገበት ሲ-47፣ ማለትም የዲሲ-3 ወንድም፣ መሬት ላይ ሲሆን በጭራው ተቀምጦ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ይሰቅላል። ፓይለቱ ከጎኑ ያለውን ክንፍ እያየ፣ ከፊቱ ቅርብ ያለውን መንገድ ግን እንደ ልብ ሳያይ ነበር የሚሄደው። የክንፉ ስፋት 29 ሜትር ብቻ ስለነበር በያኔው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ችግር አልነበረም። ከዚያ ጄት መጣ፤ ልደታ ጠበበ፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሥራው ወደ ቦሌ ዞረ። የዛሬው ካፒቴን መንገዱን ያያል፤ ክንፉን አያይም።

ታዲያ ክንፉን የሚጠብቀው ማን ነው? ቀለም ነው፤ በተለይ ቢጫው መስመር። መስመሩን የሚያሰምሩት መሐንዲሶች እዚያ መንገድ ላይ እንዲሄድ የተፈቀደውን ትልቁን አውሮፕላን ይወስዱና፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ምን ያህል ባዶ ቦታ መኖር እንዳለበት ይለካሉ። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ፣ ትልልቆቹ በሚቆሙበት ቦታ በክንፉና በአጠገቡ ባለው ነገር መካከል ቢያንስ 7.5 ሜትር መኖር አለበት። እንደ 737 እና እንደ ኪው 400 ላሉት 4.5 ሜትር ይበቃል። ፓይለቱ መስመሩን ከያዘ ክንፉ የት እንደሚደርስ አስቀድሞ ተለክቶለታል ማለት ነው። ሌላው ሁሉ በበኩሉ የራሱን መስመር ይጠብቃል። መኪና በነጩ መስመር ውስጥ ይነዳል፤ ደረጃ፣ የሻንጣ ጋሪና ጎታች መኪና ደግሞ ከቀዩ መስመር ወዲያ ይቆማሉ።

ስለዚህ ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚመጣው ከሁለት በአንዱ ነው፤ ወይ አውሮፕላኑ የሱ ያልሆነ መስመር ይዟል፣ ወይ አንድ ነገር ከመስመሩ አልፎ ቆሟል። የመጀመሪያውን ማየት የፈለገ ጆሃንስበርግን ያስታውስ። ዲሴምበር 22 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ማታ የብሪቲሽ ኤርዌይስ 747 ወደ ለንደን ሊነሳ «ቢ» በተባለው መንገድ እንዲሄድ ታዘዘ። «ቢ» የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ግን ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ «ኤም» ውስጥ ገባ። «ኤም» ለዚያ የሚያክል አውሮፕላን የሚሆን መንገድ አልነበረም። ቀኝ ክንፉ የቢሮ ሕንፃ ሰንጥቆ ገባ። ሕንፃው ውስጥ የነበሩ 4 ሰዎች ቀላል ጉዳት ደረሰባቸው፤ ከተሳፋሪዎቹ አንድም አልተነካ። አውሮፕላኑ ግን ዳግም አልበረረም። የኛም ቤት ከዚህ ነፃ አይደለም። ዲሴምበር 2018 እ.ኤ.አ. አንድ የኢትዮጵያ ኤ350 ኦስሎ ላይ በክንፉ ጫፍ የመብራት ምሰሶ ገጭቷል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ፤ የቸኮለ ሰው ይህን ክፍል ዘሎ ማለፍ ይችላል። ገርጂ፣ ቡና የምንጠጣበት ቤት፣ ጡረታ የወጡ ማርሻለር አሉ፤ አውሮፕላኑን ከፊት ለፊቱ ቆመው በእጃቸው በያዙት ዘንግ ምልክት ወደ መቆሚያው ከሚያስገቡት ሰዎች አንዱ የነበሩ ናቸው። አንድ ቀን ድንገት ወደኔ ዞረው፦

«አውሮፕላን ሲታጠፍ ክንፉ ይረዝማል ወይስ አይረዝምም?» አሉኝ።

«እንዴት ሆኖ ይረዝማል፣ ጋሼ?»

«ይረዝማል!» አሉና የሒሳቡን ወረቀት ገልብጠው ስክሪብቶዬን ተቀበሉኝ። መጀመሪያ አንድ ነጥብ አደረጉ፤ ከነጥቡ ወደ ቀኝ ረጅም መስመር አወጡ፤ ከመስመሩ ጫፍ ደግሞ ወደ ታች አጭር መስመር ጎተቱ። ከዚያ ነጥቡንና የአጭሩን መስመር መጨረሻ በሰያፍ አገናኟቸው። «ይቺ ናት ሰው የምትጎዳው» አሉ ሰያፏን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውሮፕላን የሚዞረው በአፍንጫው ሳይሆን፣ ሆዱ ሥር ያሉት ዋና ጎማዎች በተሰለፉበት መስመር ላይ ባለ አንድ ነጥብ ዙሪያ ነው። የጄት ክንፍ ደግሞ ወደ ጎን ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ ጫፉ ከዋናዎቹ ጎማዎች በስተኋላ ይውላል። አውሮፕላኑ ወደ ግራ መታጠፍ ሲጀምር የቀኙ ክንፍ ጫፍ ወደ ፊት ብቻ አይሄድም፤ ወደ ውጭም ይወጣል። ለስሌት እንዲመች ጫፉ ከመዞሪያው ነጥብ 42 ሜትር ወደ ጎን፣ 10 ሜትር ወደ ኋላ ነው እንበል። የትምህርት ቤቷ የፓይታጎረስ ቀመር ሰያፏን 43 ሜትር ከ17 ሳንቲ ሜትር ታደርጋታለች። ቀጥ ብሎ ሲሄድ የክንፉ ጫፍ ካለፈበት መስመር ውጪ ከ1 ሜትር በላይ ተወሰደ ማለት ነው፤ ክንፉ ግን አንዲት ብሎን አልጨመረም። መገናኛ ላይ ረጅሙ አንበሳ አውቶቡስ ሲታጠፍ ኋላው በሌላው ጎን ወደ እግረኛው ሲመጣ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

አንድ ሜትር ምን አላት? 7.5 ሜትር ተሰጥቶ የለም ወይ? የደንቡ ሰዎችማ ይህንንም አስበዋል። ችግሩ ያለው አጠገቡ ቆሞ በዓይኑ የሚገምተው ሰው ዘንድ ነው። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ሲመጣ የክንፉን ጫፍ አይቶ «ያልፋል፣ ብዙ ይተርፋል» ይላል። መኪናውን አፍንጫዋ ቀዩን መስመር እንዳለፈ ትቷት ይወርዳል። አውሮፕላኑ ሲታጠፍ ያ የገመተው ትርፍ ይበላል። የጋሼ ቁጣም በነዚህ ሰዎች ላይ ነበር። «መኪና ከመስመር ወጥታ ካየሁ ሁለቱን ዘንጎች ከራሴ በላይ አጣምሬ አቆመዋለሁ። ሦስት መቶ ሰው ውስጥ ሆኖ ይርገመኝ፤ ይቁም!»

እነሆ፣ መንገደኛው ልክ መቆሚያው ደጃፍ ላይ «አሁን ምን ሆነን ቆምን?» እያለ የሚያጉረመርምበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሻንጣ ሊያወርድ የተነሳ ሰው ደግሞ እዚህ ላይ ይጠንቀቅ፤ ዘንጎቹ ሲጣመሩ ፓይለቱ ፍሬን ይይዛል እንጂ ኮሪደሩ ላይ ማን እንደቆመ አይጠይቅም። በእግር ጉዞ ፍጥነት እየሄደ ያለ አውሮፕላን በድንገት ሲቆም የቆመን ሰው ይጥላል፤ የተከፈተውም ሳጥን ሻንጣውን የሚያወርደው ከሥር የተቀመጠው ሰው ራስ ላይ ነው።

በሐምሌና በነሐሴ ሌሊት ነገሩ ይከፋል። አስፋልቱ ውሃ ይይዝና የመብራቱ ነጸብራቅ ቢጫውን ይውጠዋል። በዋናዎቹ መንገዶች ላይ መሐሉን የሚያሳዩ አረንጓዴ፣ ጠርዙን የሚያሳዩ ሰማያዊ መብራቶች አሉ፤ መቆሚያው አካባቢ ግን ብዙውን ሥራ የሚሠራው አሁንም ቀለሙና በዝናብ ልብስ የቆመው ሰው ነው። ቦታው ሲጠብ በሁለቱም ክንፎች ጫፍ ሥር አንዳንድ ሰው አብሮ ይራመዳል። ዓይናቸው ከክንፉ ጫፍ አይነቀልም፤ የፓይለቱ ዓይን እነሱ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። የትልልቆቹን አውሮፕላኖች ክንፍ ስፋት ጎን ለጎን ደርድሩት፤ 777-300ኢአር 64.8 ሜትር፣ ሁለቱም ኤ350 64.75፣ 747-400 64.4። ሁሉም 65 ሊደርሱ ሲሉ የቆሙት በአጋጣሚ አይደለም። በዓለም አቀፉ ደንብ ከ52 እስከ 65 ሜትር ያለው ክንፍ በ«ኢ» ምድብ ይመዘገባል፤ 65 የገባው ወደ «ኤፍ» ይሻገራል፤ ሰፊ መንገድና ሰፊ መቆሚያ ይጠይቃል። ኤ380 በየአገሩ መቆሚያ ያስሠራው በ79.75 ሜትር ክንፉ ነው። በቴክኒክ ብቻ ቢሆን ክንፍ በረዘመ ቁጥር ነዳጅ ይቆጥባል። መሐንዲሱን «እዚህ ላይ ይብቃህ» ያለው ቦሌን የመሰለ የአውሮፕላን ማረፊያ ነው።

ቦይንግ ይህን አጥር ለመዝለል 777-9ን ሠራ። ሲበር ክንፉ 71.75 ሜትር ነው፤ ካረፈ በኋላ ጫፎቹ ወደ ላይ ይታጠፉና 64.85 ይሆናል፤ ለ65 የቀረችው 15 ሳንቲ ሜትር ናት። አየር መንገዳችን በማርች 2024 እ.ኤ.አ. ከእነዚህ 8 አውሮፕላኖችን ለመግዛት ተስማምቷል። በየክንፉ የሚታጠፈው 3 ሜትር ተኩል ያህል ነው። እሱ አልታጠፍም ካለ አውሮፕላኑ ወደ ተለመደው መቆሚያ መግባት አይችልም። ካፒቴኑ መንገድ ላይ ቆሞ ተቆጣጣሪዎቹን ለ«ኤፍ» የሚበቃ ቦታ ይጠይቃል። ከኋላው ሦስት መቶ ሰው ቀበቶውን እየፈታ ነው።