የዱር እንስሳት ሕግ ነፍሳትንና አዕዋፍንም ይመለከታል

ወላይታ ሶዶ፦ የዱር እንስሳ ሲባል በብዙዎች ዘንድ በቅድሚያ የሚታሰበው አንበሳ፣ ዝሆን ወይም ነብር ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ግን ቃሉን ሰፋ አድርጎ ተርጉሞታል። በአዋጁ መሠረት ከዓሣ በስተቀር በተፈጥሮው በዱር የሚኖርና ያልተላመደ፣ የጀርባ አጥንት ያለውም ሆነ የሌለው እንስሳ በትርጓሜው ይካተታል። የአካሉ ክፍልና እንቁላሉም ከዚሁ ይቆጠራሉ። በመሆኑም አዕዋፍና ነፍሳት ከሕጉ ውጭ አይደሉም።

አዋጁ ሲወጣ ያለፈቃድ የዱር እንስሳ በሚያድኑ ሰዎች ላይ ከ5 ሺህ እስከ 30 ሺህ ብር መቀጮ ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት፣ አልያም ሁለቱንም ቅጣቶች ደንግጓል።

ጉዳዩ ሕዝብ ተጠጋግቶ በሚኖርበት በወላይታ ዞን የተለየ ትርጉም አለው። በዞኑ የእርሻ ማሳና የዱር እንስሳት መኖሪያ ጎን ለጎን ይገኛሉ። በሁምቦ ወረዳ ተራቁቶ የነበረ 2 ሺህ 728 ሄክታር መሬት ከልሎ በነባር ዛፎች እንዲያገግም የተደረገበት ሥራ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹህ ልማት አሠራር ተመዝግቧል። ደኑ ሲመለስ የአዕዋፍና የሌሎች የዱር እንስሳት መጠለያም አብሮ ተመልሷል።

ፈተናው ጎልቶ የሚታየው ተባይ ሲከሰት ነው። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች በአገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሸካ ዞን ታይቶ ወደ ሌሎች በቆሎ አብቃይ አካባቢዎች በተዛመተበት ወቅት አርሶ አደሩ ትሉን በእጅ ከመልቀም ባሻገር ኬሚካል ረጭቷል። ይሁን እንጂ ያለጥንቃቄ የሚረጭ ኬሚካል ተምቹን ብቻ ሳይሆን ተምቹን የሚመገቡ ነፍሳትንና ወፎችን፣ እንዲሁም ቡናንና አቮካዶን የሚያራቡ ንቦችን ይገድላል።

ይህን ጉዳት ለመከላከል በ2002 ዓ.ም. ሁለት ሕጎች ወጥተዋል። የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660 ለንቦች ጥበቃ ያደርጋል። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ደግሞ ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ ጥቅም ላይ እንዳይውል ይከለክላል።

የሕጎቹ ተፈጻሚነት በአብዛኛው የሚወሰነው በወረዳና በቀበሌ ደረጃ በሚሰጠው አመራር ነው። የግብርና ባለሙያዎች ርጭት ከመካሄዱ በፊት ንብ አናቢዎች እንዲያውቁት ማድረግ፣ ርጭቱም ንቦች ወደ ቀፏቸው በሚመለሱበት የምሽት ሰዓት እንዲሆን መምከር ይጠበቅባቸዋል። የአስተዳደር አካላትም የዱር እንስሳ በሰው ወይም በሰብል ላይ ጉዳት ሲያደርስ ነዋሪው በራሱ እርምጃ ከመውሰዱ በፊት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሚያመለክትበትን መንገድ አስቀድመው ማሳወቅ ይኖርባቸዋል። መፍትሔ በወቅቱ ያላገኘ አርሶ አደር ሕጉን እንዲያከብር መጠበቅ አዳጋች ነውና።