ለአሮጌ ቮልስ ጋራዥ ሲታቀድ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው መኪና ቮልስዋገን እንደነበረች ሰምቶ የማያውቅ አዲስ አበቤ ጥቂት ነው። ንጉሡም ደርጉም አለፉ፤ ቮልስ ግን ዛሬም በየሰፈሩ ከቆርቆሮ በር ጀርባ ሸራ ለብሳ ቆማለች። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ካስወደደው፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለችውን አድሶ መንዳት የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ግቢው ውስጥ ጋራዥ ሊሠራ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቁልፍ ስብስቡና ከሞርሳው ነው። እኔ ከመኪናዋ ዕድሜ ጀምሩ ባይ ነኝ። የአሮጌ መኪና አደጋ ከአዲሷ ይለያል፤ ቤቱም በዚያ ልክ መሠራት አለበት።

ቮልስን እንውሰድ። ርዝመቷ ከ4 ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ወርዷ 1 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ 4 በ6 የሆነ ክፍል በቂ ይመስላል፤ ነውም። ጥያቄው በየት በኩል ትግባ የሚለው ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ በአራት ብሎን ታስሮ የሚወርደውም ወደ ታች ነው። አንድ ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሞተር አውርዶ ወደ ኋላ ለመጎተት ሁለት ሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። አፍንጫዋን ወደ ግድግዳው አድርጋችሁ ካስገባችኋት ሞተሩም ማርሚታውም በበሩ በኩል ይሆናሉ፤ ጭሱ መውጫ አገኘ ማለት ነው። ነገር ግን የቤንዚኑ ሰልባትዮ ያለው ከፊት፣ ከኮፈኑ ሥር ነው። ስለዚህ በዚያኛው ግድግዳ ላይ ሶኬት አይተከልም፣ ብየዳም አይሠራም። የመሥሪያ ጠረጴዛው ቦታ በጎን ግድግዳ፣ ወደ በሩ ጠጋ ብሎ ነው።

ቀጥሎ ክብደት። ክሪክ ያነሳል እንጂ አይዝም፤ የዘይት ማሰሪያ ጎማው ሲያረጅ ሳይነግራችሁ ይወርዳል። በየቤቱ የማየው ብሎኬት ደግሞ ከክሪክ የባሰ ነው። ብሎኬት የግድግዳን ክብደት በእኩል ተካፍሎ ለመሸከም የተሠራ ባዶ ነገር ነው፤ የመኪና ክብደት አንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍበት ቀስ ብሎ አይሰነጠቅም፣ ድንገት ይፈረካከሳል። መፍትሔው ክብደቱ የተጻፈበት የብረት መደገፊያ ነው፤ መደገፊያውም የሚቆመው ደልዳላ ኮንክሪት ላይ ነው። አፈር ላይ የፈሰሰ ስስ ሊሾ ይሰምጣል። ባለ ሁለት ምሰሶ ማንሻ ለመትከል ያሰበ ሰው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥሩ ኮንክሪትና 3 ሜትር ተኩል ገደማ ጣሪያ ከወዲሁ ያስብ፤ በኋላ ጣሪያ ማንሳት አይቻልም።

አየሩ ላይ ቆም እንበል፤ ሳይታወቅ የሚገድለው እሱ ነውና። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደማችን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ጭስ የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር በአሜሪካ መኪኖች ላይ መለመድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1975 ስለሆነ የእኛዋ አሮጊት እሱን አታውቀውም። በዚያ ላይ የአዲስ አበባ ከፍታ አለ። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ግን ቤንዚኑን እንደ ድሮው ያፈሳል፤ ቤንዚን የበዛበት ሞተር ደግሞ ይህን መርዝ አብዝቶ ይተፋል። በሐምሌ ብርድ በሩን ዘግቶ ሞተር ማስነሳት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ተረዱ። በሩ ወለል ብሎ ይከፈት፤ ከፊት ለፊቱ ባለው ግድግዳ ዝቅ ብሎ ሌላ ቀዳዳ ይኑር፤ ማርሚታው ላይ ሙቀት የሚችል ቱቦ አጥልቆ ወደ ውጭ ማውጣትም ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ዝቅ ብሎ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ይሄዳል፣ ጉድጓድ ካገኘ ይተኛበታል። መካኒኮቻችን የሚወዱት የመኪና ሥር ጉድጓድ፣ አየር የሚስብ መሣሪያ ከሌለው፣ የቤንዚን እንፋሎት ጎተራ ነው። ለቤት ጋራዥ ጉድጓድ አልመክርም። ማብሪያና ሶኬትም ከወለሉ ከፍ ይበል፤ አሜሪካኖች እሳት ሊጭር ለሚችል ዕቃ 45 ሳንቲ ሜትር ብለው ደንግገዋል፣ አንድ ሜትር ብታደርጉት አትጎዱም። የጀበናው ከሰል ደጅ ይቆይ። ዕቃ በቤንዚን ማጠብም ይቅር፤ ናፍጣ ያጸዳል፣ እንደ ቤንዚንም ቶሎ አይያያዝም።

ቮልስ ሌላም ጉድ አላት። ባትሪዋ ከኋላ መቀመጫው ሥር ነው፤ ክዳኑ የጠፋበት ባትሪ ላይ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ሽቦ ሁለቱን ጫፎች ነክቶ ወንበሩን ያቀጣጥላል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት መቀመጫውን አንስታችሁ መጀመሪያ ኔጋቲቩን ፍቱ። የሞተሯ አካል ደግሞ የማግኒዥየም ቅይጥ ነው። ማግኒዥየም ከነደደ ውሃ ያባብሰዋል፣ ተራው የዱቄት ማጥፊያም አይበቃውም። ስለዚህ የቤንዚኑን እሳት ገና ሲጀምር በዱቄት ማጥፋት ነው፤ ነጭ ብርሃን ካያችሁ ግን መኪናዋን ትታችሁ ውጡ።

ፍሬን ሸራ ላይ ያለው አቧራ በኮምፕሬሰር አይነፋም። የድሮ ሸራ በአብዛኛው አስቤስቶስ አለበት፤ እንግሊዝ እንኳ አስቤስቶስን ሙሉ በሙሉ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። «ኦርጅናል ነው» ተብሎ መደርደሪያ ላይ ዓመታት የከረመ ካርቶን ሲቀርብላችሁ ይህን አስታውሱ፤ አቧራውን አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉ፣ ጨርቁን በላስቲክ ቋጥራችሁ ጣሉ። የቀለም ርጭቱን ግን ለባለሙያው ተዉለት፤ በሁለት ጣሳ ተቀላቅሎ የሚረጨው ቀለም ሳንባን የሚያስቆጣ ኬሚካል አለበት።

የእሳት ማጥፊያው የሚሰቀለው በበሩ አጠገብ ነው፤ ከጓዳ ከሆነ እሳቱን አልፋችሁ ልታመጡት ነው። የአዲስ አበባ እሳት አደጋ መጥሪያ 939 ነው፤ ከማጥፊያው በላይ ግድግዳው ላይ በቀለም ጻፉት።